የእመት ዘርትሁን ልጅ የሆንኩበት ቀን

ልጄ የምትኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔም ካረጀሁ ወዲህ ከእሷ ጋር ነኝ። ቅቤ ሲያልቅባት ሱፐርማርኬት ትገባና በላስቲክ የታሸገውን ከማቀዝቀዣ አንስታ ትመጣለች። እኔ ደግሞ ጉልበቴ እሺ ባለኝ ሐሙስ ሁሉ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐሙሲት ገበያ እሄዳለሁ፤ ከባላገሮቹ እጅ ገብስም ቅቤም ማርም ገዝቼ እመለሳለሁ። "እማዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ያው ቅቤ ነው" ትለኛለች። ልመልስላት አፌን ከፍቼ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው። ነገሩ እጅ እየታጠቡ የሚያወሩት አይደለም። ዕድሜዬም የሚያስተማምን አልሆነምና፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ለእናንተ ልጽፈው ቆረጥኩ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሰንበት ብሎ ነበር። እኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ባሌን ለመንገድ ሥራ ብለው ከወሰዱት ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ከታናሽ እህቴ ከአለምነሽ ጋር በሟች አባታችን ቤት ተጠግተን፣ ፈትል እየፈተልን እንኖራለን። የአለምነሽ ባል ዱር ገብቷል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የሚጠይቅ ሲመጣ "ለንግድ ወጥቶ በዚያው ቀረ" እንላለን። ስንናገረው ፊታችን እንዳያሳብቅብን ወደ ምድጃው ዞር እንል ነበር።

ከዚያ በፊት፣ ደጉ ጊዜ ላይ፣ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ የምንገዛው ከእመት ዘርትሁን ነበር። ከጉና ግርጌ የሚመጡ ባልቴት ናቸው። ቅቤያቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ከአንዲት ድንጋይ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከእሳቸው ቅቤ ገዝቶ ዝም ብሎ መሄድ የለም። "ይቺ የአደይ ናት፤ አደይ ከወለደች ወዲህ ወተቷ ቢጫ ሆኖልሻል" ይሉኛል። "ሸጌ ግን ያው አመሏ አለቀቃትም። በቀኝ የመጣባትን ትረግጣለች። ጥጃዋ ቀድሞ ካልቀመሰ ጠብታ አትሰጥም። እኔ በግራዋ ተቀምጬ እያንጎራጎርኩ ነው የማልባት።" ላሞቻቸውን እንደ ምራቶቻቸው ነበር የሚያሟቸው። እኔም ሸክሜን አውርጄ እሰማለሁ፤ ስለ ልጃቸው ስለ ብርቄ፣ እብናት ስለ መዳሯ፣ ባሏ በሬ ነጋዴ ስለ መሆኑ ያወሩኛል። ጨዋታቸውን እወደው ነበር እንጂ አንድ ቀን ያስፈልገኛል ብዬ አይደለም።

በኋላ አርበኞቹ መንገድ መቁረጥ ሲጀምሩ ጣሊያኖቹ ከተማውን በሽቦ አጥረው በየመውጫው ኬላ አቆሙ። አዋጅም አስነገሩ። ባላገር እህልም ቅቤም ወደ ከተማ እንዳያስገባ፣ የከተማ ሰውም ወጥቶ ከባላገር እንዳይገዛ፣ የቸገረው ምሽጉ በር ላይ ከተከፈተው ሱቅ እንዲገዛ ተባለ። "ከማሩ ጋር ወሬ ይገባል፤ ከፈትሉ ጋር ጥይት ይወጣል" ብለው ነበር አዋጁን ሲያስረዱ።

አዋጁን የምር ያደረገው ግን አንድ ማር ሻጭ ነው። ሽቦ ሾልኮ ሲገባ ያዙት። ገበያው መሃል ካለው ዛፍ ላይ ሰቀሉትና የማር ገንቦውን አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ንቦች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ሰፈሩበት። በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ማየት ይፈራል፤ የንቦቹ ድምፅ ግን ይሰማል። እኔ እስካሁን ድረስ ንብ ሲያልፍ አንገቴ ይቀዘቅዛል።

እናም ሁላችንም ከምሽጉ ሱቅ መግዛት ጀመርን። ፉርኖ ዱቄት ነው፤ የነቀዘ፣ ጋዝ ጋዝ የሚሸት። በጣሳ የታሸገ ዘይት አለ። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደታሸገ የሚያውቅ የለም። በሽቦ መስኮት ይሰጡሃል፣ ወስደህ ትሄዳለህ። ሰው ያንን እየበላ ሰነበተ።

አለምነሽ የወለደችው በጥቅምት ነው። ምጡ ደህና አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቷ አልመለስ አለ። ጡቷ ደረቀ። ሕፃኑ መጀመሪያ ላይ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ ማልቀሱን እየተወ መጣ፣ ዝምታው ከለቅሶው የባሰ ሆነ። ያዋለደቻት ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ናት። አንድ ጠዋት ከእህቴ ራስ በላይ ቆማ በዓይኗ ወደ ደጅ ጠራችኝ።

"የሺ፣ ይህን የነቀዘ ዱቄት ተዪው" አለችኝ። "የገብስ አጥሚት በቅቤ ካልገባላት ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ።"

"ገብስ ከየት ይመጣል? ሱቁ እንደሆነ የለው።"

እትዬ ስንዱ ወደ ጉና በኩል ብቻ ተመለከተች። ጫፉ በጉም ተሸፍኗል።

በማግስቱ ከውሃ ቀጂዎች ጋር ወጣሁ። ምንጩ ከሽቦው ውጭ ስለሆነ ሴቶች ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንስራ ይዘው እንዲወጡ ይፈቀዳል። እንስራዬ ውስጥ ለልውውጥ የሚሆን ፈትል ጠቅጥቄ ከትቻለሁ፤ ደጋ ላይ ጥጥ የለም፣ እመት ዘርትሁንም ፈትል እንደሚወዱ አውቃለሁ። ኬላው ላይ አንድ ሶላቶ፣ የጣሊያን ወታደር፣ ፊቱን በብርድ አኮማትሮ ቆሟል። ባዶ የሚወጣ እንስራ ማንም አያይም ብዬ ነበር የተማመንኩት፤ አላየም። 

ምንጩ ዘንድ ስንደርስ እትዬ ስንዱ ጆሮዬ ሥር፣ "የከሰዓቱ ውሃ ቀጂ ሲመለስ እዚሁ ካላገኘሁሽ ሞተሻል ብዬ ነው የማስበው" አለችኝ። ከዚያ እንስራዋን አዝላ ወደ ሌሎቹ ሄደች። እኔ በገደሉ ጥግ ወረድኩ።

ዋናውን መንገድ ትቼ፣ እመት ዘርትሁን ገበያ ላይ ስለ ቤታቸው ያወሩኝን ምልክት ይዤ በአቀበቱ ወጣሁ። ጉሙ ከእጄ ርቀት አልፎ አያሳይም። ድንጋይ ከእግሬ ሥር ሲንከባለል እቆማለሁ። ቆቅ ከቁጥቋጦ ስትነሳ ጎንበስ እላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነገር የተከናነበ ረጅም ሰው ከፊቴ ቆሞ አየሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጸሎት ጀመርኩ። ሰውየው አይንቀሳቀስም። ጉሙ ገለጥ ሲል ጅብራ ሆኖ አገኘሁት፤ ደጋ ላይ የሚበቅለው ያ ቁመተ ረጅም ተክል ነው። ተነስቼ ስሄድ እንኳን ዞር እያልኩ አየው ነበር።

እመት ዘርትሁን ደጃቸው ላይ ጎተራቸውን በእበት ሲመርጉ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ እንደ ድሮው ፊታቸው አልበራም።

"ምን ልትሆኚ መጣሽ?" አሉኝ። "ትናንት ባንዳዎቹ ከታችኛው መንደር ነበሩ። ለሽፍታ ታበያላችሁ ብለው የሁለት ሰው ቤት አቃጥለዋል።"

"እህቴ ልትሞትብኝ ነው፣ እመት" አልኳቸው። 

ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን በሣር ጠርገው ወደ ቤት ገቡ። ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ከደህና ዕቃ አውጥተው እንስራዬ ውስጥ ሞሉልኝ። ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው መሃሉ ላይ ቀበሩልኝ፤ ሌላ ጥቅል ደግሞ ለመንገድ ብለው መደብ ላይ አኖሩ። ፈትሉን ሲቀበሉ በጣታቸው መሃል አሻሹትና፣ "እጅሽ አሁንም ቀጭን ነው የሚፈትለው" አሉኝ። በዚያ ቀን ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውሻው ጮኸ። ጩኸቱ መንገደኛ ያየ ውሻ ጩኸት አልነበረም።

እመት ዘርትሁን በበሩ ስንጥቅ አዩ። ሲዞሩ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። "ብርቄ ነሽ" አሉኝ። "ልጄ ብርቄ። ከእብናት ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽ።" ይህን እየተናገሩ ከመስቀያው ላይ አሮጌ ቀሚስ አወረዱና በላዬ ላይ አጠለቁልኝ። ነጠላዬን ከመደቡ ሥር ወተፉት። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝና እበቱ ውስጥ እስከ ክርኔ ነከሩት። "ምረጊ። ቀና እንዳትዪ።"

መረግሁ። እጄ ሲሠራ አየዋለሁ፣ የኔ ግን አይመስለኝም።

ባንዳዎቹ ገቡ። በር ላይ ነጭ መኮንን በበቅሎ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል፤ ወደ እኛ እንኳን በቅጡ አይመለከትም። አለቃቸው የአገር ሰው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ያ ለስላሳነቱ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ።

"አንቺ አሮጊት፣" አላቸው በዕድሜ እናቱ የሚሆኑትን ሴት፣ "ማነች ይቺ?"

"ልጄ ናት፣ ጌታዬ። ብርቄ። እብናት ነው የዳርኳት።"

"መቼ መጣች?"

"ትናንት።"

ሰዎቹ ቤት ገብተው መፈተሽ ጀመሩ። ማሰሮ ሲሰበር፣ ቁርበት ሲጎተት ይሰማኛል። አንዱ ጠመንጃውን አስደግፎ ሲበረብር በበሩ በኩል አየሁት፤ ያስደገፈው ከእንስራዬ ላይ ነበር። ሌላው ፈትሉን በእጁ ይዞ ወጣ።

"ደጋ ላይ ይህ ጥጥ ከየት መጣ?" አለ አለቃው።

"ከእብናት ያመጣሁት ነው" አልኩ። ድምፄ እንደ ሰው ድምፅ መውጣቱ ገረመኝ።

ያን ጊዜ ነው ከመካከላቸው ካሳን ያየሁት።

ካሳ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስዳር ከባሌ ሚዜዎች አንዱ ነበር። በአገራችን ወግ ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም ይሆናል፣ እሱም እጄን ይዞ ይህንኑ ቃል ሰጥቶኛል። ባንዳ ሆኖ ሲገባ ግን ባሌ ደጃችን ላይ ሰው ሰብስቦ ሰደበው፤ ሁለተኛ ቤቴ እንዳትረግጥ አለው። ባሌ ለመንገድ ሥራ የተወሰደው ከዚያ ወዲህ ነው። ካሳ አስወስዶት ይሆን እያልኩ ስጠረጥር ነበር የኖርኩት። አሁን ዓይን ለዓይን ተያየን። ያወቀኝ መሆኑን አወቅሁ። እበቱ ጣቶቼ መሃል ሲደርቅ ይሰማኛል።

አለቃው ወደ እኔ ቀረበ። "እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ" አለ። "የዚህ ቤት ልጅ ከሆንሽ ከብቶቹ ያውቁሻል። ተነሽ።" ወደ በረቱ በጠመንጃው አፍ ጠቆመኝ። እመት ዘርትሁን ሊከተሉ ሲነሱ አንዱ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

በረቱ ውስጥ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ቆመዋል። አንዷ ዳልቻ፣ አንዷ ቀይ። ስማቸውን አውቃለሁ፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ግን አላውቅም። ገበያ ላይ የሰማሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማስታወስ ስሞክር ራሴ ባዶ ሆነ። ቀይዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። የኋላ እግሯ ላይ ገመድ የፋቀው ጠባሳ አየሁ። ስትታለብ እግሯ የሚታሰር ላም ናት ማለት ነው። ሸጌ።

"ቀይዋን እለቢ" አለ።

አልተጣደፍኩም፤ ብጣደፍ እወድቅ ነበር። ጥጃውን ከጉረኖው ፈታሁት። እየሮጠ ሄዶ ጡቷን ያዘ። አለቃው ዝም ብሎ ያያል። ጥጃው ትንሽ ሲጠባ ጎትቼ ፊቷ አሰርኩት፤ ትላሰው ጀመር። ማለቢያውን ቅል ከበረቱ ምሰሶ ላይ አንስቼ፣ ዞሬ በግራዋ ቁጢጥ አልኩ። "ሸጌ፣ ሸጌዬ" አልኳት፤ ማንጎራጎርም ጀመርኩ፤ ምን እንዳንጎራጎርኩ ዛሬ አላስታውስም። አባቴ በሕይወት ሳለ አንዲት ላም ስለነበረችን ማለብ አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን በእበት ደርቋል። ቆዳዋ ተርገበገበ። እግሯን አነሳች። ዓይኔን ጨፈንኩ። መልሳ አኖረችው። ወተቱ ቅሉን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አለቃው ግን አልረካም። ወደ ግቢው መልሶኝ ሰዎቹን ሰበሰበ። "ከእናንተ ውስጥ ይህችን ሴት የሚያውቅ አለ?" አለ። "ከከተማ ሾልከው የሚወጡ ሴቶች አሉ ተብለናል። የሽፍታ መልእክተኞች ናቸው። አይቷት የሚያውቅ ይናገር።"

በር ላይ ያለው ነጭ መኮንን ሲጋራውን ጣለ። እመት ዘርትሁን ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"እኔ አውቃታለሁ" አለ ካሳ።

ሰማይ በላዬ ተደፋ። ያ የማር ሻጩ ዛፍ ፊቴ ድቅን አለብኝ። አለምነሽ ስትጠብቀኝ፣ ሕፃኑ ዝም ብሎ ሲተኛ አየሁት። እመት ዘርትሁን የያዙትን የእጅ መጥረጊያ ሣር መሬት ላይ ለቀቁት።

"ከየት ታውቃታለህ?"

"እብናት ገበያ። ባሏ በሬ ነጋዴ ነው። ከሱ ወይፈን ገዝቼ አውቃለሁ።"

ካሳ እብናት ሄዶ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። የብርቄ ባል በሬ ነጋዴ መሆኑንስ ማን ነገረው? ይህን ለማሰብ ያን ጊዜ ልብ አልነበረኝም። አለቃው ተራ በተራ አየን። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። "እንግዲያው ለባልሽ ንገሪው፤ ሌላ ጊዜ ስትመጪ የይለፍ ወረቀት ያዢ" አለ። መደቡ ላይ የነበረውን ቅቤ፣ ሁለት ዶሮ፣ አንድ ሙክት ወስደው ወጡ። ፈትሉንም ወሰዱት። ካሳ ከኋላ ነበር። አላየኝም፤ ዞርም አላለም።

ድምፃቸው ከሸንተረሩ ማዶ እስኪጠፋ ሁለታችንም ከቆምንበት አልተነቃነቅንም። ከዚያ እመት ዘርትሁን ጎተራው ሥር ቁጭ አሉ። ውሃ ሳቀርብላቸው ጥርሳቸው ከቅሉ ጋር ይጋጭ ነበር።

"ያ ልጅ ማን ነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። የሰፈራችን ሰው፣ የእመት አትጠገብ ልጅ መሆኑን ስነግራቸው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አትጠገብማ ጎኔ ነበር የምትቀመጠው፣ ገበያ" አሉ። "የላሞቼንም የልጄንም ወሬ ስንቱን ሰምታለች።"

እንስራውን ራሳቸው አሸከሙኝ። ሁለት ጉንጬን ስመው "ሂጂ" ብቻ አሉኝ።

ምንጩ ዘንድ ስደርስ እትዬ ስንዱ ፊቷ ጠቁሮ ቆማለች። እንስራዬን በእጇ መዘነችና ከሴቶቹ መሃል አስገባችኝ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ኬላው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ቆመ። የጠዋቱ ሶላቶ የለም። ሌላ ቆሟል፣ ከጎኑም ባንዳዎች፤ ያ አለቃ ግን ከመካከላቸው የለም። ዛሬ የሆነ ነገር ሰምተው ይሆናል፣ በየእንስራው ዘንግ እያስገቡ ይፈትሻሉ። ዘንጉን የያዘው ካሳ ነው።

ከሰልፉ መውጣት አይቻልም፤ የወጣ ይያዛል። ከፊቴ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ እየቀነሱ መጡ። ዘንጉ ይገባል፣ ውሃ እያንጠባጠበ ይወጣል፣ "እለፊ" ይባላል። ተራዬ ደረሰ። ጎንበስ አልኩለት። ዘንጉ ሲገባ እንደ ውሃ አልገባም፤ ተቀርቅሮ ቆመ። ጀርባዬ ላይ ሲገፋው ተሰማኝ። ከዚያ አወጣው። በትከሻዬ በኩል አየሁት። ዘንጉ በዱቄት ተለብዷል። ሶላቶው ትንፋሹ እስኪሰማ ቅርብ ነው፤ ክብሪት እየጫረ ነበር።

ካሳ ዘንጉን በሱሪው ጠረገው። እጁ እንደ ወባ በሽተኛ እጅ ይንቀጠቀጣል። "ውሃ ነው" አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሁለተኛ እንዳላይሽ። ነገ እዚህ የምቆመው እኔ አይደለሁም" አለኝ።

ቤት ስገባ አጥሚቱን እትዬ ስንዱ ሠራችው። አለምነሽ መጀመሪያ ቀመሰች፣ ከዚያ ጠጣች፣ ከዚያ አለቀሰች። በቀናት ውስጥ ጡቷ ተመለሰ። ሕፃኑ ሲያለቅስ የሰፈሩ ሰው ይማረር ነበር፤ እኔ ግን እንዲያለቅስ እፈልግ ነበር።

ፍርሃቱ ግን በዚያ አላበቃም። ካሳ ዋጋውን ሊጠይቀኝ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። አለቃው እብናት ሰው ልኮ ያጣራ ይሆን እያልኩ የእመት ዘርትሁን ቤት ሲቃጠል በሕልሜም በእውኔም አየዋለሁ። ካሳ ግን አልመጣም። የገና በዓል ሳይደርስ ጠፋ ተባለ። አንዳንዱ ጠመንጃውን ይዞ አርበኞቹ ዘንድ ገባ አለ፤ አንዳንዱ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ገደሉት አለ። አስከሬኑን ያየ የለም። ባሌን ማን እንዳስወሰደውም እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ባሌም አልተመለሰም።

ጣሊያን ሲወጣ ቅዳሜ ገበያ እንደገና ተከፈተ። እመት ዘርትሁን ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ቤታቸው አልተቃጠለም ነበር። የአለምነሽም ባል ከነጠመንጃው ገባ፤ ሰው በእልልታ ተቀበለው። ገበያው ዳር ግን የካሳ እናት እመት አትጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው አየሁ። በእጃቸው የሚያወጡት የኑግ ዘይት፣ ቅባኑግ፣ በከተማው የታወቀ ነበር። አሁን ግን የባንዳ እናት ናቸውና ማንም አይገዛቸውም። ሴቶች በአጠገባቸው ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ይሰበስባሉ። የእህቴ ባልም፣ "ከዚያ ቤት የመጣ ዘይት እቤቴ አይገባም" ብሎ ተናግሯል።

ሰው ሁሉ እያየኝ ሄጄ ፊታቸው ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ባይሆንም ልቤ ይመታ ነበር። "ቅባኑግ ይስፈሩልኝ፣ እመት" አልኳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ ዙሪያዬን ለቆመው ሰው ልጃቸው ያደረገልኝን አንድ በአንድ ተናገርኩ። የእህቴ ባል ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ሰማኝ፤ ምንም ሳይናገር ሄደ። ምሳ ላይ ግን ወጡን በላ፣ ዘይቱ ከየት እንደሆነም አልጠየቀም። እመት ዘርትሁን በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅቤያቸውን አንስተው ድንጋያቸውን ትተው እመት አትጠገብ ጎን ተቀመጡ። ገዢውም እየተሳበ ተከተላቸው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሱፐርማርኬት አትግቡ አልላችሁም። ልጄም ትግባ፣ ሥራ አለባት፣ ጊዜ የላትም። የምሽጉን ሱቅ ከዛሬው ሱቅ ጋር አንድ ማድረጌም አይደለም፤ የዛሬው ማንንም አይሰቅልም። እኔ የማውቀውን ብቻ ነው የምነግራችሁ። ያን ዕለት ከሞት ያወጣኝ፣ የምበላው ቅቤ ከማን ቤት እንደሚመጣ ማወቄ ነው። እመት ዘርትሁን ልጄ ናት ብለው ቤታቸውን ለእሳት ያጋለጡት ለማያውቋት ሴት አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክሟን አውርዳ ለምታዳምጣቸው ሴት ነው። የምትበሉትን የሚያበቅል፣ የሚያልብ፣ የሚጨምቅ አንድ ሰው እንኳን በስሙ እወቁ። ቤቱ ሰላም መሆኑን ጠይቁት። እሱም የእናንተን ይወቅ። ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ለማን እንደሚያስፈልግ አይታወቅም።

ያን ዕለት ገበያ ላይ፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ እመት አትጠገብ ዘይቱን እየሰፈሩ ድንገት አቆሙ።

"የሺ፣" አሉኝ፣ "ልጄ ያን ጊዜ፣ ኬላው ላይ፣ ፈርቶ ነበር?"

 እውነቱን ነገርኳቸው።

"በጣም ፈርቶ ነበር፣ እመት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፈሪ ነበር" አሉ። "ባንዳ የገባውም ፈርቶ ነው።" ከዚያ ዘይቱን እስከ አፉ ሞሉልኝ፤ እጃቸውን ሳይጠርጉ እጄን ያዙና እዚያው ገበያው መሃል አለቀሱ።